ሞተሩ ለምን አይነሣም? የካርቡራተር መኪናዎች ሕመምና የፊዚክስ ምርመራ

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በአዲስ አበባ መንደሮች ውስጥ ለሚያልፍ ሰው እንግዳ ያልሆነ ድምፅ አለ። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ሾፌሩ ጥቂት አርፎ ቁልፉን እንደገና ያዞራል፤ ድምፁ ከቀድሞው ይደክማል። ከሦስትና ከአራት ሙከራ በኋላ መንገደኛ ተለምኖ መኪናው ወደ ቁልቁለቱ ይገፋል። ዕድሜ ጠገብ ቮልስ ወይም አሮጌ ላዳ ያለው ቤተሰብ ይህን ሥርዓት ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ጉዳዩ ግን ከማለዳ ችኮላ ያለፈ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና እንጀራውን የሚያገኝ ሰው ሞተሩ ባልተነሣ ቁጥር የቀን ገቢውን ያጣል። የችግሩ ምንጭ ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ ዕቃ በዕቃ ላይ ይገዛል፤ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ካንዴላ፣ ቀጥሎ ኮይል፣ በመጨረሻም ካርቡራተሩ ራሱ ይለወጣል። ይህ ሁሉ ወጪ ከወጣ በኋላ ችግሩ በባትሪው ራስ ላይ የተጋገረ ነጭ ዱቄት መሰል ቆሻሻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚህም የከፋው፣ ሞተሩን በግድ ለማስነሣት ሲባል በካርቡራተሩ አፍ ቤንዚን የማፍሰስ ልማድ ነው፤ ይህ ልማድ መኪናን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ሊያቃጥል ይችላል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። ነባሮቹ መኪናዎች ግን ገና ከጎዳናው አልጠፉም፤ ባለቤቶቻቸውም ጠግነው መጠቀማቸውን አልተዉም። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ መኪናዎች ለመነሣት እምቢ የሚሉበትን ምክንያት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከምንማረው ፊዚክስ ተነሥተን ለማስረዳት፣ ቀጥሎም ያለ ብዙ ወጪ እንዴት እንደሚመረመሩ ለማሳየት እንሞክራለን።

ሦስቱ ቅድመ ሁኔታዎች

የቤንዚን ሞተር ይነሣ ዘንድ ሦስት ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው። የመጀመሪያው በተገቢው መጠን የተቀላቀለ አየርና የቤንዚን ተን ነው። ሁለተኛው ይህ ድብልቅ በሲሊንደሩ ውስጥ በፒስተን በሚገባ መታመቁ ነው። ሦስተኛው በትክክለኛው ቅጽበት የሚፈነጠቅ በቂ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሁለቱ መሟላት ብቻውን ዋጋ የለውም። ስለዚህ መርማሪው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «የትኛውን ዕቃ ልለውጥ?» የሚለው ሳይሆን «ከሦስቱ የጎደለው የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

ከታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 ቤርታ ቤንዝ የተባለችው ጀርመናዊት ባለቤቷ ካርል ቤንዝ በሠራው ባለሦስት ጎማ መኪና ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘች። በመንገድ ላይ የነዳጁ ቱቦ በቆሻሻ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ እንደከፈተችው፣ ነዳጅ ሲያልቅባትም ቪስሎህ በተባለች ከተማ ከመድኃኒት ቤት ሊግሮይን የተባለውን ፈሳሽ እንደገዛች ተጽፏል። ቤርታ በዚያ መንገድ ላይ ያደረገችው ዛሬም ትክክለኛው መንገድ ነው፤ የጎደለውን ለይታ የጎደለውን ብቻ ሞላች።

ካርቡራተር ምን ይሠራል?

በቤንዝ መኪና ላይ የነበረው ካርቡራተር አየሩን በነዳጁ ገጽ ላይ በማሳለፍ ተኑን የሚሰበስብ ቀላል ዕቃ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ነዳጅን በቀጭን አፍንጫ የሚረጨው ዓይነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1893 በጀርመናዊው መሐንዲስ በቪልሄልም ማይባህ ሥራ ነው። የሚሠራበት መርህ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፉ የፈሳሾችን ፍጥነትና ግፊት ግንኙነት መርምሯል፤ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪም እ.ኤ.አ. በ1797 በጠባብ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ የሚያሳየውን ጠባይ ገልጿል። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል።

በካርቡራተሩ ጎን ቤንዚን የሚጠራቀምበት ትንሽ ጽዋ አለ። በጽዋው ውስጥ በጣሪያ ላይ ባለ የውኃ ሮቶ እንዳለችው ኳስ የምትንሳፈፍ ዕቃ አለች፤ ቤንዚኑ ከተወሰነ ከፍታ ሲደርስ ተነሥታ መግቢያውን ትዘጋለች። በጽዋው ውስጥ ያለው ግፊት የውጭው አየር ግፊት ነው፤ በጉሮሮው ያለው ግፊት ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። ቤንዚኑን በተመጠነችው ቀዳዳ አሳልፎ ወደ አየሩ የሚያስገባው ይህ የግፊት ልዩነት ነው እንጂ ሌላ ኃይል አይደለም።

እዚህ ላይ የችግሩ ሥር ይገኛል። የግፊቱ ልዩነት ከአየሩ ፍጥነት ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ሞተር በሥራ ላይ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በሞተሪኖ ሲነሣ ግን ወደ 150 ጊዜ ብቻ ይዞራል እንበል። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የአየሩ ፍጥነት በ20 እጥፍ ቢቀንስ የግፊቱ ልዩነት በ400 እጥፍ ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ በመነሻው ሰዓት ካርቡራተሩ ቤንዚን ለመሳብ አቅም የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቾክ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ቾክ በካርቡራተሩ አፍ ላይ ያለች ክዳን ናት፤ ስትዘጋ አየሩ እንዳይገባ ስለምትከለክል ከበታቿ ያለው ግፊት በእጅጉ ዝቅ ይላል፤ ቤንዚኑም በብዛት ይሳባል። በብዙ ቮልሶች ላይ ይህችን ክዳን የሚያንቀሳቅሰው ከሁለት የተለያዩ ብረቶች የተጣበቀ ጥምዝምዝ ነው። ሁለቱ ብረቶች በሙቀት የሚለጠጡት እኩል ስላልሆነ ጥምዝምዙ ሲሞቅ ይፈታል፤ ክዳኗም ትከፈታለች። ጥምዝምዙ ከተበላሸ ወይም ክዳኗ በቆሻሻ ከተያዘች ቀዝቃዛ ሞተር አይነሣም፤ ተዘግታ ከቀረች ደግሞ የሞቀ ሞተር በቤንዚን ይታፈናል።

ብርድና የቤንዚን ተፈጥሮ

የሚቃጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ተኑ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ቤንዚን አንድ ንጥር ቅመም አይደለም፤ የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ቀላሎቹ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምረው ሲፈሉ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይጠብቃሉ። በብርድ ማለዳ ወደ ተን የሚለወጡት ቀላሎቹ ብቻ ናቸው፤ የቀረው በማስገቢያ ቱቦው ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ በቂ ተን ለማግኘት ከሚያስፈልገው በላይ ፈሳሽ ማስገባት ግድ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ትነት ራሱ ሙቀት ይበላል። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ለመትነን ወደ 350 ኪሎጁል ይፈልጋል። ለሙሉ ቃጠሎ ከአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው አየር 14.7 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ከአየሩ ብቻ ቢወሰድ የድብልቁ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ዝቅ ይላል። በክረምት እርጥበት በበዛበት ማለዳ ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ሊጋገር ይችላል።

ለሳምንታት የቆመ መኪና ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ጽዋው ከውጭ አየር ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ ስላለው ቤንዚኑ ቀስ በቀስ ተንኖ ያልቃል። በሞተር የሚነዳው ፓምፕ ጽዋውን እንደገና እስኪሞላው ድረስ ሞተሪኖው ለብዙ ሴኮንድ መዞር አለበት። ለወራት የቆመ ቤንዚን ደግሞ ቀላል ክፍሎቹን አጥቶ ከባዶቹን ብቻ ስለሚይዝ መጠኑ ሳይጎድል ጥቅሙ ይጎድላል።

የከፍታ ጉዳይ

በአዲስ አበባ የሚነዳ አሮጌ መኪና ለባሕር ወለል የተመጠነ ካርቡራተር ይዞ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሥራት ይጠበቅበታል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ወደ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን፣ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ 76 በመቶ ያህል ነው። በጉሮሮው የሚያልፈው የአየር ይዘት ሳይለወጥ ቢቀር፣ የአየሩ ክብደት በእፍግታው ልክ ይቀንሳል፤ የሚሳበው ቤንዚን ክብደት ግን የሚቀንሰው በእፍግታው ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤንዚን ለአየር ያለው ድርሻ ያድጋል። 1 ለ0.76 ስኩዌር ሩት ሲካፈል 1.15 ገደማ ይሆናል፤ ማለትም ድብልቁ በ15 በመቶ ያህል በቤንዚን ይወፍራል።

ተማሪዎች ይህን ስሌት ለራሳቸው ከተማ ቢሠሩት መልካም ልምምድ ነው። ውጤቱ በተግባር ይታያል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ የሞቀ ሞተር በቶሎ ይታፈናል። መፍትሔውም ለከፍታው የሚስማማ ጠበብ ያለች ቀዳዳ ማስገባት ነው። ይሁን እንጂ በከፍታ የተመጠነ መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ በተቃራኒው ድብልቁ እንደሚቀጥንና ሞተሩ ከመጠን በላይ ሊሞቅ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

የኤሌክትሪኩ ወገን

ካርቡራተሩ ከሚከሰስባቸው ጥፋቶች ብዙዎቹ በእውነቱ የኤሌክትሪክ ጥፋቶች ናቸው። ሞተሪኖ ሲሠራ 150 አምፔር ያህል ሊወስድ ይችላል። በባትሪው ራስ ላይ ባለው ቆሻሻ ምክንያት 0.02 ኦም የምታህል ተቃውሞ ብትኖር በኦም ሕግ መሠረት 150 ሲባዛ በ0.02፣ ማለትም 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። እዚያው ነጥብ ላይ 450 ዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ከጥቂት ሴኮንድ ሙከራ በኋላ የባትሪው ራስ ወይም የአካሉ ሽቦ ማሰሪያ ሞቆ ከተገኘ በሽታው ተገኘ ማለት ነው፤ መድኃኒቱም የሽቦ ብሩሽና ጠበቅ ያለ ብሎን ነው።

የቮልቴጅ መውረድ ሞተሪኖውን ብቻ አይጎዳም። የኮይሉ የመጀመሪያ ጥቅል 3 ኦም ያህል ተቃውሞ ቢኖረው በ12 ቮልት 4 አምፔር ያልፍበታል። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት የመነካኪያ ነጥቦች ሲለያዩ ይህ ጅረት በቅጽበት ይቋረጣል፤ በፋራዳይ ሕግ መሠረትም በሁለተኛው ጥቅል ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል። በኮይሉ ውስጥ የሚከማቸው ጉልበት ከጅረቱ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ቮልቴጁ ከ12 ወደ 9 ሲወርድ ጅረቱ ወደ ሦስት አራተኛ፣ ጉልበቱ ግን ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ብልጭታው እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ግማሽ ያህሉን አቅሙን ያጣል ማለት ነው።

መኪና በሞተሪኖ እምቢ ብሎ ሲገፋ ወዲያው የሚነሣበት ምሥጢርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሲገፋ ሞተሪኖው ጅረት አይወስድም፤ ኮይሉም የባትሪውን ሙሉ ቮልቴጅ ያገኛል። በእርግጥ የመዞሪያው ፍጥነትም ስለሚጨምር ካርቡራተሩም ይታገዛል። ቢሆንም በግፊ በቀላሉ የሚነሣ መኪና ባለቤት ካርቡራተሩን ከመፍታቱ በፊት ባትሪውን፣ ማሰሪያዎቹንና ሞተሪኖውን መመርመር ይገባዋል።

ከመነካኪያ ነጥቦቹ ጋር የተያያዘው ኮንደንሰርም ቸል የሚባል አይደለም። ነጥቦቹ ሲለያዩ ጅረቱ በመካከላቸው እሳት እየፈጠረ እንዳይቀጥል ያደርጋል። ኮንደንሰሩ ሲበላሽ ነጥቦቹ ይቃጠላሉ፤ ብልጭታውም ይደክማል። ነጥቦቹን ብቻ ለውጦ ኮንደንሰሩን መተው ሕመሙን ትቶ ምልክቱን ማከም ነው።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ካንዴላ ከሞተሩ ወጥቶ በአየር ላይ ብልጭታ ማሳየቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። ፍሪድሪሽ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው ብልጭታ ለመፍጠር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በጋዙ ግፊትና በክፍተቱ ርቀት ብዜት ይወሰናል። በታመቀው ሲሊንደር ውስጥ ግፊቱ ብዙ እጥፍ ስለሆነ የሚፈለገው ቮልቴጅም ይጨምራል። በአየር ላይ ቀጭንና ቀላ ያለች ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ በሲሊንደሩ ውስጥ ምንም ላይሰጥ ይችላል።

የእምቅታ ጉዳይ

ድብልቁ ስምንት እጥፍ ሲታመቅ፣ ሙቀት ወደ ግድግዳው ባይሸሽና ጋዝ ባያመልጥ፣ በሃሳባዊ ስሌት ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ቀለበቶቹ ያለቁ ወይም ቫልቮቹ በሚገባ የማይገጥሙ ሞተር ግን ቀስ ብሎ ሲዞር ጋዙ ለማምለጥ ጊዜ ስለሚያገኝ ይህ ሙቀት አይገኝም። የቫልቩ ክፍተት ከመጠን በላይ የጠበበ ሞተርም ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ቫልቩ ፈጽሞ አይዘጋም። ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እምቅታውን እንደገና መለካት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ንባቡ ከጨመረ ጥፋቱ የቀለበቶቹ ነው፤ ካልጨመረ ወደ ቫልቮቹ መመልከት ነው።

ሲሞቅ የሚያምፅ ሞተር

ረጅም ዳገት ወጥቶ ለአሥር ደቂቃ የቆመ መኪና እንደገና ሲነሣ እምቢ ማለቱ ለብዙ ሾፌሮች እንቆቅልሽ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ማቀዝቀዣው አብሮ ይቆማል፤ በብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን ወደ ካርቡራተሩና ወደ ፓምፑ መጓዙን ይቀጥላል። በጽዋው ያለው ቤንዚን ፈልቶ ወደ ጉሮሮው ይገነፍላል፤ ወይም በቱቦው ውስጥ ተን ይፈጠርና ፓምፑ ፈሳሽ ለመግፋት ይሳነዋል። በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ ቤንዚኑም በደጋ ከባሕር ወለል ባነሰ ሙቀት ይፈላል።

ነባር ሾፌሮች በፓምፑና በቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲያስቀምጡ የሚያደርጉት ትክክለኛ ፊዚክስ ነው። ውኃው ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ተኑም ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የቤንዚን ሽታ ከከበደ ደግሞ ሞተሩ ታፍኗል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ ሳያነሡ ሞተሪኖውን ማዞር ይገባል፤ በብዛት የሚገባው አየር ትርፉን ቤንዚን ይጠርጋል። ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ተጨማሪ ቤንዚን ስለሚረጭ ችግሩን ያባብሳል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከላይ የተነገረው ሁሉ ወደሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠቃለላል።

አንደኛ፣ ሞተሪኖው በብርታት ይዞራልን? ካልዞረ ባትሪውንና ማሰሪያዎቹን መመርመር፤ በሙከራው ጊዜ ቮልቴጁን መለካት።

ሁለተኛ፣ ቤንዚን ይደርሳልን? ሞተሩ በቀዘቀዘበትና በጠፋበት ሁኔታ የአየር ማጣሪያውን አንሥቶ የነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ ማንቀሳቀስና ወደ ጉሮሮው መመልከት። ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ከታየ በጽዋው ቤንዚን አለ። ካልታየ ፊልትሮውን፣ ፓምፑንና ቱቦውን መከተል።

ሦስተኛ፣ ቾኩ በብርድ ይዘጋልን? ሲሞቅስ ይከፈታልን?

አራተኛ፣ ካንዴላውን አውጥቶ ማንበብ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ በቤንዚን ከራሰ ወይ ታፍኗል ወይ ብልጭታ የለም፤ በጥላሸት ከጠቆረ ድብልቁ ወፍሯል።

አምስተኛ፣ ብልጭታው፣ ነጥቦቹ፣ ኮንደንሰሩና የብልጭታው ጊዜ። ይህ ምርመራ የቤንዚን ተን በሌለበት ይደረግ፤ በባዶ እጅም አይነካ።

ስድስተኛ፣ ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ እምቅታው።

በእያንዳንዱ ሙከራ ሞተሪኖውን ከ10 ሴኮንድ በላይ አለማዞርና በመካከሉ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ዋናው ደንብ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። በአንድ ጊዜ ካንዴላውንም ነጥቦቹንም ለውጦ ካርቡራተሩንም ያጠበ ሰው ሞተሩ ቢነሣለት እንኳ የትኛው እንዳስነሣው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሁሉንም እንደገና ይገዛል።

በካርቡራተሩ አፍ ቤንዚን እያፈሰሱ ሞተሪኖ ማዞር ግን ከቶ አይገባም። ቫልቭ ሳይዘጋ ወይም ብልጭታው ያለጊዜው ሲፈነጠቅ ነበልባል በማስገቢያ ቱቦው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በላዩ የሚገኘውም ቤንዚን የያዘ የሰው እጅና ፊት ነው። የአየር ማጣሪያው በቦታው መኖሩ ይህን ነበልባል ለመግታት እንደሚረዳም ማወቅ ይጠቅማል። ያረጀና የተሰነጣጠቀ የቤንዚን ቱቦም፣ በተለይ ሞተሩ ከኋላ በሆነው ቮልስ ላይ፣ ሳያንጠባጥብ አስቀድሞ መለወጥ አለበት።

በርኑሊ፣ ኦም፣ ፋራዳይና ፓሸን በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የሚገናኙ ስሞች ይመስሉን ይሆናል። አራቱም ግን በአንድ አሮጌ ቮልስ ኮፈን ሥር በየማለዳው ይሠራሉ። በየመንደሩ ያሉ ጋራዦች መካኒኮች የእነዚህን ሕጎች ውጤት በእጃቸው ያውቁታል፤ ተማሪው ደግሞ ምክንያቱን ያውቃል። አንድ ቅዳሜ ቮልቲሜትር ይዞ ወደ ጋራዥ ጎራ የሚል ተማሪ ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ራስና በሽቦው ማሰሪያ መካከል ያለውን ቮልቴጅ ይለካ። ንባቡ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ አዲስ ባትሪ ሊገዛ ለተዘጋጀው ባለ መኪና የሚነግረው ቁም ነገር አለው።